አያ መነጽርና የጋሽ አጥናፉ ቀኝ እጅ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል።

ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ የሕክምና ክፍል ውስጥ የሌለውን ነገር እንዳለ አድርጎ ለዓይን የሚያሳይ አንድ ያረጀ የቪአር መነጽር ይኖር ነበር። አያ መነጽር ይሉታል። አራት የካሜራ ዓይኖች አሉት። ቀኝና ግራ የሚባሉ፣ በእጅ የሚጨበጡ ሁለት ኮንትሮለሮችም አብረውት ይኖራሉ። ሰው መነጽሩን አጥልቆ ኮንትሮለሮቹን ሲጨብጥ፣ አያ መነጽር እነሱን እያየ የሰውየውን እጅ በሥዕል ያሳየዋል።

ጋሽ አጥናፉ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እጃቸው ዛለባቸው። በየቀኑ እየመጡ ቀኝ የተባለውን ኮንትሮለር ይጨብጡና፣ በመነጽሩ ውስጥ ኳስ እያነሱ ቅርጫት ውስጥ ይከታሉ። ጣታቸው እየጠነከረ ሲሄድ ቀኝ ይታወቀው ነበር፤ ደስም ይለው ነበር።

አንድ ቀን የሥዕሉ እጅ ተንቀጠቀጠ፤ ኳሱም ወደቀ።

«አያ መነጽር፣ ምን ሆነ?» አለች ሐኪሟ ትርሲት።

«የቀኝ ባትሪ ደክሟል።»

ባትሪው ተቀየረ። በማግስቱ የሥዕሉ እጅ ባሰበት።

«አሁንስ ምን ሆነ?»

«የመስኮቱ ፀሐይ ነው።»

መጋረጃው ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን የሥዕሉ እጅ ጭራሽ ወደ ጣሪያው በረረ።

«አሁንስ?»

አያ መነጽርም፣ «እኔ እንጃ፤ የሰውየው እጅ ይሆናል» አለ።

ጋሽ አጥናፉ መነጽሩን አወለቁ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር። በቃ ልጄ፣ ከእንግዲህ መቀስ አልይዝም ማለት ነው» ብለው ኮታቸውን አነሱ።

ይሄኔ ቀኝ አላስቻለውም። «ጋሽ አጥናፉ፣ ይቀመጡ! የዛሬ ወር በሁለት ጣት ነበር የሚይዙኝ፤ ዛሬ በአምስቱም ነው። የተጨበጥኩት እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ።»

«ማስረጃህስ?» ብሎ ተቆጣ አያ መነጽር።

ቀኝም ትርሲትን፣ «ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡኝ፤ ማንም አይንካኝ። ከዚያ መነጽሩን ያጥልቁና ይዩ» አላት።

አስቀመጠችውና አየች። ቀኝ ንቅንቅ ሳይል ተኝቷል፤ የሥዕሉ እጅ ግን ይወዛወዛል። ግራን አስቀምጣ አየች፤ እሱም ያው ነው። ከዚያ አያ መነጽርን ወደ ብርሃን አዙራ ተመለከተችው። ከአራቱ ዓይኖች የታችኞቹ ሁለቱ ጉም ለብሰዋል።

«በየቀኑ በአልኮል ስትወለውሉኝ ደበዘዙ» አለ አያ መነጽር ቀስ ብሎ። «ብናገር አርጅቷል ተብዬ እጣላለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ጋሽ አጥናፉ ኮታቸውን እንደያዙ ቆሙ። «አንተ እንዳትጣል እኔን ጣልከኝ?»

አያ መነጽርም፣ «ይቅር ይበሉኝ» አለ። «የላይኞቹ ደህና ናቸው። እጅዎን ከደረትዎ ከፍ ካደረጉ አይሰወርብኝም።»

ትርሲት በሥዕሉ ውስጥ ኳሱንም ቅርጫቱንም ከደረት ከፍ አደረገቻቸው። ጋሽ አጥናፉ ተቀምጠው ቀኝን ጨበጡ። የሥዕሉ እጅ ረጋ። አንድ ኳስ ገባ፤ ሌላም ገባ፤ ሦስተኛው ሳተ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ አያ መነጽር ከመሳቢያው በወጣ ቁጥር፣ ሳይጠየቅ፣ «ዛሬ የማየው ይሄን ያህል ነው» ይላል።

ድካሙን የሚደብቅ ሰው፣ ጥፋቱን ሊሸከም በማይችለው ላይ ይጭናል። ተረቴ ይኸው ነው።