ለጥጋቡ ምን ይሰጠው?

፦ ተረት ተረት!

፦ የጥጆች በረት!

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። እዚያ ጥግ ያላችሁትን አልሰማኋችሁም። ተረት ተረት!

፦ የጥጆች በረት!

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ መሪጌታ ልሳኑ በገና ደርዳሪ ነበሩ። እሷ ግን የአዝማሪ ልጅ ወደደችና አገባች። አገሩም ጉድ አለ። ከዚያም ጥጋቡ የሚባል ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ጡት ሳይጥል ባሏን ወባ ገደለባት።

ጥጋቡ ሦስት ዓመት ሲሞላው የባሏ አባት አያ ደምለው ማሲንቋቸውን አንግበው መጡ።

፦ ልጄ አፈር ገብቷል። ሙያዬን የሚወርስልኝ ይህ ልጅ ነው። እወስደዋለሁ፤ ማሲንቆ አስተምረዋለሁ፤ አሉ።

መሪጌታ ይህን ሰሙና በማግስቱ በገናቸውን አሸክመው ደረሱ።

፦ የልጅ ልጄ በየሰርጉ ቤት ሲዞር አላይም። በገና ይማራል። እኔ ዘንድ ያድጋል፤ አሉ።

ተጨቃጨቁ። ዱላ እስከ መነቅነቅ ደረሱና ጎረቤት ገላገላቸው። በመጨረሻም እንዲህ ተባባሉ፦ እሑድ ከዋርካው ሥር ሁለቱም መሣሪያ ይቀመጥ፤ ልጁ የወደደውን ይያዝና ወደዚያው ቤት ይሂድ።

አንጓችን የጠየቃት የለም። ያኛው አባቷ፣ ይኼኛው አማቷ፤ ምን ትበል? ልጁ ያሉትን ሁለት ቀሚሶች አጠበችና አሰጣች። «በገናውንም ቢይዝ ይሄድብኛል፤ ማሲንቆውንም ቢይዝ ይሄድብኛል» እያለች ሦስት ቀን እህል አልበላ አላት።

እሑድ ደረሰ። ሰውም ተሰበሰበ። ጥጋቡ መጀመሪያ ወደ በገናው ሄደ። በገናው ከሱ ይበልጣል። ሊያቅፈው ሞከረና ተያይዘው ወደቁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። መሪጌታ ግን አልሳቁም።

፦ ያዘ! አያችሁ፣ ያዘ! አሉ።

፦ ቆይ እንጂ! የኔንስ መች ሞከረ? አሉ አያ ደምለው።

ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አስደገፉና ትንሿን ጣቱን ይዘው የፈረስ ጭራው አውታር ላይ ጫኑ። ደጋኑን ሳቡ። ደግመው ሳቡ። ልጁ አለቀሰ። እጁን ሊያስለቅቅ ታገለ፤ እሳቸው ግን አልለቀቁትም። ጣቱ ተላጠ።

ይኼኔ አንጓች ተነሳች። ሰዉን ሰንጥቃ ሄደችና ልጇን አነሳች።

፦ ይበቃል! አለች። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

፦ ሁለታችሁም ይቅር በሉኝ። ገና ከእጄ የሚጎርስ ልጅ ነው! ይህ ልጅ የማን ነው ስትባባሉ ማልቀሱን እንኳ የሰማው የለም!

ከሰዉ መሀል እንደሻው የሚባሉ ሽማግሌ ጠራቢ ነበሩ። በገናውንም ማሲንቆውንም የሠሩት እሳቸው ናቸው። ቀስ ብለው መጡና የልጁን መዳፍ ዘርግተው አዩ። ከዚያም በገመድ ለኩት።

፦ ሁለቱንም የጠረብኩት ለትልቅ ሰው እጅ ነው። ይህ ጣት ገና ለጋ ነው፤ አውታር አይችልም። መዳፉ ግን መምታት ይችላል። አንድ ወር ስጡኝ፤ አሉ።

በወሩ ትንሽ ከበሮ ይዘው መጡ። ከዋንዛ ቦርቡረው የጠቦት ቆዳ ወጥረውበታል። ጥጋቡ አየውና ቁጭ ብሎ ድም! ድም! አደረገው። ከዚያም እናቱን ቀና ብሎ አየና ሳቀ።

፦ ታዲያ ወደ ማን ቤት ሊሄድ ነው? አሉ መሪጌታ።

፦ ሲመታ የሚዘፍንለት ማነው? አሉ እንደሻው።

፦ እናቱ ናት እንጂ፤ አሉ መሪጌታ።

፦ እንግዲያው ከበሮውም ልጁም እናቱ ጋ ይኑሩ። የናፈቀው ይምጣ።

መሪጌታ ተቆጥተው ሁለት ወር ቀሩ። አያ ደምለው ግን በሳምንቱ ባዶ እጃቸውን መጡ። የልጁን ጣት አገላብጠው አዩና አንገታቸውን ደፉ። ከዚያም የሰርግ ምት አሳዩት። በኋላ መሪጌታም ናፍቆት አላስቀምጥ ቢላቸው መጡ። እሳቸውስ ከበሮ መች ይጠፋቸዋል? የማኅሌቱን ምት አሳዩት። ጥጋቡ ሁለቱን ቀላቀለና የሰርግም የማኅሌትም ያልሆነ ነገር መታ።

፦ አበላሸው! አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

አንጓች ባሏ ከሞተ ወዲህ ያን ቀን ገና ከልቧ ሳቀች።

ልጁ እናቱ ጋ አደገ። ስምንት ዓመት ሲሞላው ማንም ሳይነግረው፦

፦ ማሲንቆ ስጡኝ፤ አለ።

እንደሻው በእጁ ልክ ጠረቡለት። መሪጌታ ይህን ሰሙና ብድግ ብለው ወጥተው ሄዱ። አንጓች «አኮረፉ» ብላ አዘነች። ወደ ማታ ግን ተመለሱ። ከገዛ ፈረሳቸው ጭራ ቆርጠው፣ አጥበው፣ አበጥረው አመጡ። አያ ደምለውም ተቀበሏቸውና ማሲንቆው ላይ ወጠሩት።

ተረቴ አለቀ፤ ጉሮሮዬም ደረቀ። በሉ ዳቦውን ቆርሳችሁ አጉርሱኝ።