ፀሐይ የሚጠብቀው ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበረ። በኅዳር፣ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ሚስቱ «ሰነፍ ነው» ብላ ለሽማግሎች ከሰሰችው።

ክሱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰውዬ ንጋት ላይ ከመደቡ መነሣት ያቅተዋል። ወገቡና መቀመጫው እንደ ደረቀ ጠፍር ይገትረዋል። ዞር በል ሲባል አንገቱን ብቻ ሳይሆን መላ አካላቱን ያዞራል። ደቦው እርሻውን ሲያጋምስ እሱ ገና ደጃፉ ላይ ነው። ረፋድ ላይ ማጭዱን ይዞ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀድመው የለም።

«እንሽላሊት! ፀሐይ ሞቀህ?» ይሉታል አጫጆቹ።

እሱ ይስቃል። ሚስቱን ግን ያንገበግባታል።

«ከታመምክ ቀኑን ሙሉ ታመም፤ ከዳንክም ከንጋት ጀምረህ ዳን!» ትለዋለች።

ያልሞከረችው አልነበረም። ወጌሻ አምጥታ አሳሽታዋለች። «ብርድ ነው» ሲሏት ጋቢ ደራርባ አንድ ሳምንት አስተኝታዋለች። ከመኝታው የተነሣው ብሶበት ነው። ትዕግሥቷ ያለቀው ያኔ ነው። ያረፈ ሰው እንዴት ይብሰዋል?

ከሽማግሎቹ አንዱ ወገቡን ይዞ ተነሣ።

«እኔ ይህን ወገብ ስታመም ነው የኖርኩት። ሳርስ ይብሰኛል፣ ስተኛ ይተወኛል። የዚህ ልጅ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የተገላቢጦሽ ሕመም ደግሞ ስንፍና ይባላል።»

ሚስትየው በዚህ በረታች።

«እኔስ ሰው አይደለሁም? ጠዋት ጠዋት ሁለቱም እጄ አልጨበጥ ይለኛል። ጣቶቼ አብጠው ቀለበቴን ካወለቅሁ ከረምኩ። እንዲያም ሆኖ ላሜን አልባለሁ!»

«እንዲህ ነው እንጂ ሴት!» አሉ ሽማግሎቹ። ባሏም እስከ ገና ድረስ በማለዳ መነሣት ካልጀመረ ንብረት ተካፍለው እንዲለያዩ ፈረዱ።

ገና ሳይደርስ የሰውዬው አንድ ዓይን ቀልቶ ብርሃን አልችል አለ። ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሙ ዓይኑን አይቶ፣ እንዲህ ያለው የዓይን ሕመም ከወገብ ሕመም ጋር አብሮ እንደሚመጣ ያውቃልና፣ ስለ ወገቡ ጠየቀው።

«የሚብስህ ስትሠራ ነው ስታርፍ?»

«ሳርፍ» አለ ገበሬው፣ እያፈረ።

ሐኪሙ ግን አልሳቀም። የጀርባ አጥንቱ መገጣጠሚያዎች እንደተቆጡ፣ ሕክምና ካላገኙም አጥንቶቹ እርስ በርሳቸው ሊጣበቁ እንደሚችሉ ነገረው። መድኃኒት ሰጠው፤ በየቀኑ የሚሠራውን እንቅስቃሴም አሳየው። ፍርዱ ቀረ፤ ሚስቱም ይቅርታ ጠየቀችው።

ታሪኩን ሲተርክ የነበረው መምህር ይህን ተናግሮ ጥያቄ ወዳነሣው የጤና ተማሪ ዞረ።

«አንተ ‹ሁሉም ያው ቁርጥማት ነው፣ ማስታገሻ መስጠት ነው፣ መለየቱ ለምን ያደክመናል?› አልከኝ። እንግዲህ ከሽማግሎቹ ጋር ተቀምጠሃል። ሥራ የጎዳው ወገብ ሲያርፍ ይሻለዋል፤ የተቆጣ ወገብ ሲያርፍ ይብሰዋል። ሽማግሌው በራሱ ወገብ የሰውን ወገብ ለካ። በዚያ ሸንጎ መድኃኒት የሚያሻቸው ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር። የአንዱን ሕመም ስንፍና አሉት፣ የሌላውን ጉብዝና።»

«ሁለተኛው ማን ነው?» አለ ተማሪው።

«አንተም አልሰማሃትም ማለት ነው» አለ መምህሩ። «ገበሬው ዛሬ ጎህ ሲቀድ ይነሣል። ላሟን የሚያልባትም እሱ ነው። የሚስቱ ጣቶች ተጣመዋል።»