ላዩ ያልተፈታ ስፌት

አንድ ሰው ነበረ፤ ልብስ ሰፊ። ልጇን የቀበረችው እህትሽ መሳቅ ጀምራለችና ከእንግዲህ ብቻዋን ብተዋት ምን አለበት ብለሽ ጠይቀሽኛል። አልረሳሁትም። መጀመሪያ ይህን ሰው ልንገርሽ።

ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጅ አልነበራቸውም። የቀረችው የሚስቱ ድመት ናት፤ ትንሽ፣ ግራጫ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ የምትተኛ። ሰውየው ከሰው ጋር ብዙም አያወራም። ከሷ ጋር ግን ያወራል። ምሳውን ሲበላ፣ ዛሬ ጨው በዝቶበታል ይላታል።

ድመቷ በወለደች ቁጥር ልጆቿ ያልቁባታል። እሷም መንምና አጥንቷ ቀረ። ከእንግዲህ እንዳትወልድ ብሎ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሙ ሆዷን ከፍቶ ማህፀኗን አወጣ፤ ሰፍቶም መለሰለት። ሲመልስለት አስጠነቀቀው። ቁስሉን እንዳትልሰው ሆዷን በጨርቅ ጠቅልላት፤ እንዳትዘል ካርቶን ውስጥ አስቀምጣት፤ ጠዋትና ማታ ሆዷን በእጅህ ዳብስ፤ እኔ ልቀቃት እስክልህ ድረስ አትልቀቃት አለው።

«የሰፋሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ከውስጥም አለ» አለው። «የውስጡ ቶሎ አይጠናም።»

ሰውየው እንደታዘዘው አደረገ። መረቅ በጣቱ እያስላሰ አበላት። ስታለቅስ፣ ካርቶኑን ስትቧጭር እንኳ አልለቀቃትም። በኋላ ብርታት አገኘች፤ በላች፤ ሲነካት ደስ ብሏት ኩርር ማለት ጀመረች። ጎረቤቱ ገብታ አየቻትና ሳቀች።

«ምነው ጋሼ፣ ጠምጥመው ጠምጥመው ቄስ አደረጓት እኮ። ድናለች፤ ይልቀቋት።»

ጨርቁን ፈትቶ ስፌቱን አየ። ያየው በልብስ ሰፊ ዓይን ነው። ክሩ አልላላም፤ ጠርዝና ጠርዙ ገጥሟል፤ ደርቋል። እኔም ከዚህ አላሳምረውም አለ። ለስንቱ ኮት ገበር ያስገባ ሰው፣ ገበሩን ረሳው።

ለቀቃት። የስፌት መኪናው ላይ ወጣች፤ ከመኪናው ደግሞ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ሚስቱ ነጠላዋን አጥፋ ታስቀምጥ ከነበረበት ዘለለች። ሰውየው ሳቀ። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ሲስቅ ጎረቤት የሰማው ያን ቀን ነው።

በዓል ደርሶ ሥራ በዝቶበት ነበር። ድመቷ ወርዳ ከመኪናው ሥር ተኛች። ወተት አስቀመጠላት፤ አልጠጣችም። ጠግባ ነው አለ። ጠራት፤ ጆሮዋን ብቻ አነቃነቀች። ደክሟት ነው አለ። ጎንበስ ብሎ ስፌቱን አየ፤ እንዳለ ነው። ተመልሶ ፔዳሉን ረገጠ። በእጁ አልዳበሳትም።

ሥራውን ጨርሶ ሊያቅፋት ሲል ጆሮዋ ቀዝቅዟል፤ ሆዷ ተወጥሯል። በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ሐኪሙ ሮጠ። ሐኪሙ ሆዷን ዳበሰ።

«ስፌቱ አልተፈታም እኮ» አለ ሰውየው። «አይቼዋለሁ። ደጋግሜ አይቼዋለሁ።»

«ላዩማ አልተፈታም» አለው።

እዚያው ጋቢው ውስጥ ሞተች። ሲቀብራት ከላዩ ስፌት አንድ ክር እንኳ አልተበጠሰም ነበር። ከዚያ ወዲያ ምሳውን ዝም ብሎ ይበላል።

እንግዲህ ወዳንቺ ልመለስ፣ ልጄ። እህትሽ ጥቁሯን አወለቀች፣ ፀጉሯን ተሠራች፣ ሰው መሀል ሳቀች ብለሽኛል። አጽናኙም አርባው ሲወጣ ወደየቤቱ ሄደ። ያ ሁሉ የላዩ ስፌት ነው። የልጅ ሐዘን የተሰፋው ከውስጥ ነው፤ እሱን ማንም አላየውም። አንቺም አላየሽውም። እሷ ዘንድ ከሄድሽ ምን ያህል ቆየሽ ብዬ ብጠይቅሽ አንገትሽን ደፋሽ።

ተነሽ፣ አሁኑኑ ሂጂ። ደርሰሽ ምን እንደምታገኚ አላውቅም፤ ደኅና ናት ብዬም አልዋሽሽም። በር ላይ ቆመሽ እንዴት ነሽ ብለሽ አትመለሺ፤ ደኅና ነኝ ትልሻለች። ገብተሽ አጠገቧ ተቀመጪ፤ እጇን ያዢ። ማየቱንማ ሰውየውም አይቶ ነበር።