ጉልቻው የነደደበት ቅልቅል

ጉልቻ ነደደ በምትባለው መንደር ቅልቅል የተጠራ እንግዳ መጀመሪያ የሚቀርብለት ደረቅ እንጀራ በአዋዜ ነው። ልማዱን የማያውቅ ሰው «ምነው፣ ንቀውን ነው?» ብሎ ቢኮሳተር አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ከአንዲት ሙሽራ የመጣ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

እንደሚነገረው፣ አንጓች የብረት ቀጥቃጩን የባለ እጁን የአያ ጫኔን ልጅ አግብታ ስትመጣ፣ በዙሪያው ያለው ዛፍ ሁሉ ለከሰል ተቆርጦ አልቆ፣ ወናፉ ሥራ ፈትቶ፣ ክረምቱ እየደረሰ የገበሬው ማረሻ እንደ ዶለዶመ ተከምሮ ነበር። አያ ጫኔም ቅልቅሉ እንዳለፈ ቤተሰባቸውን ይዘው ዛፍ ወዳለበት አገር ሊሰደዱ ቆርጠዋል። አንጓች ገና እግሯ ቤቱን ሳይለምድ ስደት ሲባል ቅር ቢላትም፣ ሙሽራ ናትና ምን አፍ አላት! ብቻ ለአንድ ቀንም ቢሆን ያማረ ምድጃ ይኑረኝ ብላ፣ ጎርፍ ከቦረቦረው ገደል ሥር የሚያብለጨልጭ ጥቁር ድንጋይ ፈንቅላ ጉልቻ ጎለተች። አማቷ እመት ዘርፌ «ልጄ፣ ይሄ እጅ የሚያጠቁር ድንጋይ አላማረኝም» ቢሏት አልሰማችም።

የቅልቅሉ ዕለት ዶሮ ወጡ ሲንተከተክ፣ እንግዳውም ምራቁን ሲውጥ፣ ጉልቻው ራሱ እየጨሰ ይነድ ጀመር። አንዱ ሲፈረካከስ ድስቱ ተገለበጠ።

«ኧረ ጉዴ! ጉልቻው ነደደ!» ብለው ጮኹ እመት ዘርፌ። ግማሹ እንግዳ ሰይጣን ነው ብሎ እየተጋፋ ወጣ። አንጓች ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ነገ ወደ እናቴ ቤት ይመልሱኛል ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

አያ ጫኔ ግን ወጡን ዞር ብለውም አላዩት። የነደደውን ጉልቻ በጉጠት አንጠልጥለው ወደ ወናፉ ሮጡ፤ ብረቱም ከወትሮው ፈጥኖ ቀላ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

እንባዋን ጠርጋ ገደሉን አሳየቻቸው። ዶማ የያዘ ሁሉ ሲቆፍር፣ አንዱ ድንጋይ ላይ የቅጠል ቅርጽ ታትሞ ተገኘ ይባላል። ለካስ ድንጋዩ ድሮ ጫካ ኖሯል፤ ደለል ተጭኖት፣ በዘመን ብዛት እየተጠቀጠቀ ድንጋይ የመሰለ!

«ዛፍ ፍለጋ ልሰደድ ነበር እኮ! ዛፉማ እግሬ ሥር ተኝቷል!» ብለው አያ ጫኔ በሳቅ ፈረሱ። ለወጥ የመጣው እንግዳ እንጀራውን በአዋዜ እየጎረሰ ተራ በተራ ወናፍ ሲነፋ ዋለ፤ ማረሻው ተሳለ፣ ስደቱም ቀረ።

ዛሬ የገደሉን የድንጋይ ከሰል ካሚዮን እየጫነ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ይወስደዋል። በቅልቅል ቀን ግን እንግዳው አዋዜውን ጨርሶ ባንድ ድምፅ «ወጡስ?» ይላል።

«ነደደ!» ትላለች አማትየዋ።

እልልታው ይቀልጣል፤ ወጡም ይገባል። ከዚያች ሰዓት ወዲያ ሙሽራይቱን የሰው አገር ሰው የሚላት የለም።