የግራው ተራ

ማንም ያልተቀበለው ለቅሶ የት ይደርሳል?

ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዤው ኖሬአለሁ። እናቴ ስትሞት እኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ፤ የፈተና ሰሞን ነበር። አባቴ «ልጅቷ ፈተናዋን ትጨርስ፣ እንዳትነግሯት» ብሎ አዘዘ። ዘመድ ሁሉ ቃሉን ጠበቀ። ስደውል «ተኝታለች»፣ ሌላ ቀን ደግሞ «ጠበል ሄዳለች» ይሉኛል። እኔም አምኜ ስለ ፈተናዬ አወራለሁ። መርዶው ሲነገረኝ ቀብሩ ካለፈ ሰንብቶ ነበር። ቤት ስደርስ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ካስማዎቹ የተተከሉባቸው ጉድጓዶች ብቻ በግቢው ውስጥ ቀርተዋል። ጎረቤቶች ለእኔ ሲሉ እንደገና አለቀሱ። ግን እነሱ ለቅሷቸውን ጨርሰው ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ወጥ እሳት ላይ ጥላ እንደመጣች አስታወሰች፤ ሌላዋም ተከትላት ወጣች። እኔ ገና መጀመሬ ነበር።

ትምህርቴን እንደ ጨረስኩ ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘሁና ወደ ቤት ሳልመለስ ቀረሁ። አሁን በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ሰው ከማናግርበት የማነብበት ጊዜ ይበልጣል። ጸሎት አላቆምኩም፤ ግን ጸሎቴ ሰው ለቆት በሄደ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ እንደ መጣራት ሆነብኝ። ሲመሽ የእናቴን ድምፅ ለማስታወስ እሞክራለሁ። ቃሎቿ ይመጡልኛል፤ ድምፁ ግን አይመጣም።

በዚህ ዓመት፣ ሆሳዕና ሲቃረብ፣ አባቴ ደወለ።

«ለፋሲካ ትመጪ ይሆን?» አለኝ።

«አይቼ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታው ሲከብደኝ ኔትወርኩ መጥፎ ነው ብዬ ብዙ አወራሁና ስልኩን ዘጋሁት።

የኔታ ላእከ ማርያም አሁን በምኖርበት ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ጎን ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አልፎ አልፎ መጽሐፍ እወስድላቸዋለሁ። «የምታነቢውን ያህል ብታወሪ ኖሮ ሰፈሩ እንቅልፍ አያገኝም ነበር» እያሉ ይቀልዱብኛል። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ስለ አባቴ ጥሪ፣ የእናቴንም መርዶ ጎረቤቶች አልቅሰው ከጨረሱ በኋላ እንደ ሰማሁ ነገርኳቸው፤ መሄድ እንደማልፈልግ፣ መቅረትም እንዳልሆነልኝ ነገርኳቸው። ከዚያ ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ጥያቄ አፌ ላይ መጣ።

«የኔታ፣ ማንም ያልተቀበለው ለቅሶ የት ይደርሳል? ብቻዬን ስጸልይስ የሚመልስልኝ ለምን የለም?»

የዓይን መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ከባድ ጥያቄ ነው። በቁሙ ልመልሰው ብል ሁለታችንም እንደናገራለን» አሉና እንዲህ ሲሉ ነገሩኝ።

አንድ ሰው ነበረ። መሪጌታ ነበረ፤ የሚያገለግልባት ቤተ ክርስቲያንም በቆላ ወንዝ ዳር ነበረች። ማሕሌት ሲቆም እሱ በቀኝ በኩል ይቆማል፤ አንድ ጓደኛው ደግሞ በግራ በኩል ይቆማል። የማሕሌት ሥርዓት እንደምታውቂው ነው፤ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ የተቀበለው በተራው ሲመራ የመራው ይቀበላል። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ፊት ለፊት ቆመው ሲቀባበሉ አረጁ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ደግሞ ይነታረካሉ።

«አንተ ዜማውን እንደ ጠጅ ቤት ወሬ ትጎትተዋለህ» ይላል የቀኙ።

«አንተ ደግሞ ውሻ እንዳባረረው ሰው ትሮጣለህ። ጸሎት ነው ወይስ ሽሽት?» ይላል የግራው።

ተነታርከው ሲያበቁ ከአንድ መሶብ ይበላሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን ጓደኛው ታመመና ሞተ። በዚያው ዓመት ዝናብ ቀረ። ሰዉ ከብቱን እየነዳ ውሃ ወዳለበት ማዶ ተሻገረ፤ ካህናቱም ሕዝባቸውን ተከትለው ሊሄዱ ተነሡ።

«መሪጌታ፣ ይምጡ እንጂ! እዚህ ቀርተው ለማን ሊያዜሙ ነው? ለዝንጀሮ?» አሉት።

«ታቦት ብቻውን አይተውም። ዝናብ ሲጥል ተመለሱ» አላቸውና ቀረ።

ብቻውን እንዳለ ሰሙነ ሕማማት ገባ። የሕማማት ጸሎት ደግሞ በግራና በቀኝ እየተቀባበሉ የሚያደርሱት ነው። ሰውዬው በቀኝ ቆሞ የራሱን ተራ ያዜማል፤ ከዚያ ወደ ግራ ተሻግሮ የጓደኛውን ያዜማል፤ እንደገና ተመልሶ የራሱን። ከራሱ ጋር ገበጣ እንደሚጫወት ሰው ሆነ። ድምፁ ሰለለ፤ ጉልበቱ ዛለ። የጎዳው ግን ድካሙ አልነበረም። የጓደኛውን ቦታ በራሱ ድምፅ በሞላው ቁጥር ጓደኛውን እንደገና የሚቀብረው መሰለው። ዝምታውን ስለፈራ ይጮኻል፤ በጮኸ ቁጥር ቤቱ ይበልጥ ባዶ ይሆንበታል። ያንን ሲነቅፈው የኖረውን ጉትት ዜማ ናፈቀ። ጓደኛው ሲያዜም ዓይኑን የሚጨፍነውን አጨፋፈን፣ ተራውን ሊጨርስ ሲል የሚያሰማትን ትንሽ ሳል ናፈቀ።

በመጨረሻ «የሚቀበለኝ የሌለ ዜማ ለእግዚአብሔርስ ምን ያደርግለታል? የዛሬውን አድርሼ በሩን እዘጋለሁ፤ እኔም እንደ ሰው እሻገራለሁ» ብሎ ቆረጠ። ጓዙን ቋጥሮ በሩ አጠገብ አስቀመጠ።

ከዚያ ገብቶ የራሱን ተራ አዜመ። ወደ ግራ ሊሻገር ሲል ግን እግሩ እምቢ አለው። በመቋሚያው ተደግፎ ባለበት ቆመ። ቤቱ ጭር አለ። ጥቂት ቆይቶ አንገቱ ሳያዘው ቀና አለ፤ ትንፋሽም ደረቱን ሞላው። ሰውዬው ገረመው። ያ የጓደኛው ተራ የሚያበቃበት ጊዜ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በዚያች ቅጽበት ነበር ቀና የሚለው፤ ሰውነቱ አልረሳም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባው። ከዚህ ሰሞን በፊት በሕይወቱ ሙሉውን ዜማ ብቻውን አዚሞ አያውቅም። ግማሹን ሲያዜም ግማሹን ሲሰማ ነው የኖረው፤ መስማቱም አገልግሎት ነበር።

«ጌታዬ፣ ይህኛው ተራ የእኔ አይደለም» አለ።

ከዚያ በኋላ ወደ ግራ አልተሻገረም። የራሱን ያዜማል፣ ዝም ይላል፤ የራሱን ያዜማል፣ ዝም ይላል። ከሰማይ ድምፅ አልመጣም፤ ግንቡም አልተናወጠም። ልቡ ግን እንደ ቀድሞው አልፈራም። ባለቤት ያለውን ወንበር እንደ መጠበቅ ሆነለት።

በዚያ ሰዓት በቅጽሩ አጠገብ የምታልፍ አንዲት ሴት ነበረች። ወደ ማዶ ስትሻገር ልጇ መንገድ ላይ ሞቶባት ነበር። ጎረቤት የለ፣ ቄስ የለ፣ አልቃሽ የለ፤ አፈሩን ያለበሰችው ራሷ ነበረች። ከቀበረችው ጀምሮ አላለቀሰችም። ማን ሰምቶ ሊያስተዛዝናት? ዜማውን ስትሰማ ገባችና በደጁ ተቀመጠች። ዜማው ቆመ። የተከተለው ዝምታ ሰፊ ነበር፤ ሰው ይገባበታል። ሴትዮዋ በዚያ ዝምታ ውስጥ የልጇን ስም ጠርታ ጮኸች።

መሪጌታው ደነገጠ። ሮጦ ወጥቶ «አይዞሽ፣ ዝም በይ» ሊላት አሰበ። ግን ጩኸቱ የመጣው በግራው ተራ ላይ ነበር። ስለዚህ ጠበቀ። ትንፋሿ ሲያጥር የራሱን አዜመ፤ ሲጨርስ ዝም አለ፤ እሷም አለቀሰች። እሱ የጌታውን ሕማም፣ እሷ የልጇን ሞት፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሲቀባበሉ ዋሉ።

ጸሎቱ ሲያበቃ መሪጌታው ወጣ። ሴትዮዋ አፍራ ተነሣች።

«ጸሎትዎን አበላሸሁብዎ፣ አባቴ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ምንም አላበላሸሽም። በተራሽ ነው የገባሽ።»

«ተራውን ማን ሰጠኝ?»

«እኔ ለጌታዬ ነበር የተውኩለት። እሱ ለአንቺ ሰጠሽ» አላት።

የቋጠረውን ጓዝ ፈታ፤ ለመንገድ ብሎ የያዘውን ቆሎ አካፈላት። በሩንም አልዘጋም።

የኔታ እዚህ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሴትዮዋ እኔ ነኝ ብለሽ ሳታስቢ አትቀሪም።»

«አዎ» አልኳቸው።

«ነሽ። መሪጌታውም ግን አንቺ ነሽ። እስቲ ንገሪኝ፤ ጌታ በመስቀል ላይ መከራን ምን አደረገ እንላለን?»

«ተቀበለ።»

«ስንት ጊዜ አንብበሽዋል! አሁን በማሕሌቱ ጆሮ ስሚው። ተቀበለ። የሰው ልጅ ከአዳም ጀምሮ ለብቻው ሲያለቅስ ኖረ፤ እሱ መጣ፣ በግራው በኩል ቆመና ተቀበለው። እናትሽን ብለሽ ስታለቅሺ ጎረቤቶችሽ ጨርሰው ሄደው ነበር። እሱ ግን አልሄደም። አንቺ ከመጀመርሽ በፊት ተቀባይሽ ቆሞ ነበር። ደግሞ ዝምታን አያውቀውም ብለሽ እንዳታስቢ። እሱም አባቱን በታላቅ ድምፅ ጠርቷል። አርብ ጠራ፤ መልሱ እሑድ መጣ። ቅዳሜ በመካከል አለች፤ እኛ የምንኖረው ብዙውን ጊዜ በቅዳሜ ውስጥ ነው። እንግዲህ ዝም ሲልሽ ‹ማንም የለም› አትበይ፤ ‹የግራው ተራ ነው› በይ። ተራውንም በወሬ አትሙዪበት። ማንን ሊያስገባበት እንደሆነ አታውቂም።»

«ናፍቆቱ ግን አይለቀኝም፣ የኔታ።»

«ማን ይልቀቅሽ አለው? መሪጌታውንስ መቼ ለቀቀው? ጓደኛውን ባይናፍቅ ኖሮ ያችን ዝምታ ማን ይጠብቃት ነበር? ናፍቆት ቦታ ጠባቂ ነው፣ ልጄ። አታባርሪው።»

ከዚያ «በይ ሂጂ፤ አፌን ብዙ አስከፈትሽኝ» አሉና ሳቁ። ተሳልመሽ እለፊ ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመለከቱኝ።

ቅጽሩን ተሳልሜ በእግሬ ወደ ቤት ስሄድ ያሰብኩት ስለ እናቴ አልነበረም፤ ስለ አባቴ ነበር። ለዓመታት እሱን ያየሁት መርዶዬን የደበቀ ሰው አድርጌ ብቻ ነው። ሚስቱም እንደ ሞተችበት አውቃለሁ፤ ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። በዚያ ሰሞን ስልኩን አንስቶ «ተኝታለች» ሲለኝ በዙሪያው ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ተቀምጦ ነበር። እኔ እንዳልሰማ ድምፁን ውጦ፣ ስለ ፈተናዬ ጠይቆኝ፣ «በርቺ» ብሎኝ ነበር። የትኛው ጎረቤት ነው ያንን ለቅሶ የተቀበለው? እኔስ ከዚያ ወዲህ መቼ ቦታ ተውኩለት? ሀገሩ ሁሉ ለቅሶ ደርሶታል። ያልደረስኩት እኔ ብቻ ነኝ።

በጸሎተ ሐሙስ ዕለት በመጀመሪያው አውቶቡስ ለመሄድ ወሰንኩ። ሰው ከማናገሬ በፊት የምለውን ቃል በቃል በልቤ የማዘጋጅ ነኝ፤ ለእሱ ግን ምንም አላዘጋጀሁም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ እገባለሁ፣ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ ስቅለትን አብሬው እውላለሁ። «ለበዓል መጣሽ?» ቢለኝ እውነቱን እነግረዋለሁ። አባቴን ለቅሶ ልደርሰው ነው የምሄደው።