ያልተሰበረው የአምባዛ እሾህ

በአንድ ወቅት፣ አገሩን ባልነግራችሁም ግድ የለም፣ ባሕር ዳር ባለች መንደር አንጓች የምትባል ባልቴት ትኖር ነበር። ባሕር ስላችሁ ሐይቁን ነው፤ የዚያ አገር ሰው ሐይቅ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። አንጓች ስትወልድ ሲሞትባት፣ ስትወልድ ሲሞትባት ኖራ በመጨረሻ አንድ ወንድ ልጅ ተረፈላትና ምትኩ ብላ ጠራችው። የሞቱት ሁሉ ምትክ ነው ማለቷ ነበር። ልጁም አደገላት፣ ዓሣ አስጋሪ ሆነ፣ የእናቱን ቤት ቀጥ አድርጎ ያዘ። እሷም እንግዲህ ሞት ረስቶኛል ብላ እፎይ ብላ ነበር። ምን ዋጋ አለው!

የዚያ ባሕር ሰዎች አንድ ደንብ አላቸው። አምባዛ የሚሉት ዓሣ በግራና በቀኝ ክንፉ ላይ አንድ አንድ እሾህ አለው። ሲቆጣ እሾሁን ይገትረዋል፤ አንዴ ከገተረው ደግሞ በእጅ ተጭኖ የሚመልሰው ሰው የለም። ታንኳቸው ደግሞ ደንገል ከሚሉት የባሕር ዳር ቄጠማ የታሰረች ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከተቀመጠባት እግር ማሳረፊያ እንኳ አይተርፍም። ስለዚህ አምባዛ ተይዞ ታንኳ ላይ ከመጣሉ በፊት እሾሁ በዱላ ይሰበራል። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

አንድ ማለዳ ምትኩና ጓደኛው ደርበው አብረው ወጡ። የተመለሰው ደርበው ብቻ ነው። አምባዛ ታንኳ ላይ ሲንፈራገጥ እሾሁ የምትኩን እግር ወጋው፤ ምትኩ ከሕመሙ ብዛት ሲዘል ውሃ ውስጥ ወደቀ፤ ለብርድ ትከሻው ላይ ያሰረው ጋቢ ውሃ ጠጥቶ ይዞት ወረደ። ደርበው ይህን እያለቀሰ ተናገረ። እሾሁ ለምን እንዳልተሰበረ ግን የጠየቀው አልነበረም። በዋይታ መሐል ማን ልብ ይላል?

መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ምትኩ የወደቀበትን ቦታ ፈለገ፤ ምንም የለም። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ደግሞ ለቅሶ አይደለም፣ አያሳርፍም። ሴቶቹ በቃሽ፣ ግቢ ቢሏት አንጓች እምቢ አለች። ዳር ላይ ተቀምጣ ውሃውን ስታይ ሰነበተች። ያ ሁሉ ውሃ ልጇ ላይ እንደተጫነ ባሰበች ቁጥር ትንፋሽ ያጥራት ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ሊያጽናኗት እንደተሰበሰቡ ተነሥታ ማለች።

«ልጄን ከዚህ ውሃ አውጥቶ ለአፈር ያበቃልኝ ሰው የጡት ልጄ ይሁን። አንድ ነው የተወሰደብኝ፤ አንድ ነው የምቀበለው።»

የጡት ልጅ መሆን እዚያ አገር ቀልድ አይደለም። እናቲቱ አውራ ጣቷን ማር ትቀባለች፤ ሰውየው ጺም ያበቀለ ቢሆንም ተንበርክኮ ይጠባል። ከዚያ ወዲያ ልጇ ነው። ይጦራታል፣ ይቀብራታል፣ ቤቷን ይወርሳል። አንዲት ሴት ይህን የምታደርገው በዕድሜዋ አንዴ ብቻ ነው፤ ከደገመችው የፊተኛውም ይፈርሳል። ኋላ ሦስት ሰዎች ሲቀርቡ ሦስቱንም ትውሰድ የምትሉ እንዳትመጡብኝ ነው አስቀድሜ የምነግራችሁ።

መሐላውን ሰምቶ መጀመሪያ የተነሣው ጎሹ ነው። ጎሹ እናቱን የማያውቅ፣ በሰው ደጅ ያደገ፣ ማሳ የሚያጠፋውን ጃርት እያደነ የሚኖር ሰው ነበር። የጃርት እሾህ ቀላል ነው፣ አይሰጥምም። ጎሹ እቤቱ የነበረውን እሾህ ሁሉ ሰብስቦ፣ ጫፍ ጫፉን በጭቃ አክብዶ፣ ምትኩ የወደቀበት ላይ በተነው። እሾሆቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ነፋሱን ትተው ውሃው ወደሚሄድበት ሄዱ። ጎሹም እህል ሳይቀምስ በታንኳ ተከተላቸው። ከመንደሩ ርቀው፣ ደንገሉ ከሚያልቅበት ጥግ ሲደርሱ አንድ ቦታ ላይ ይዞሩ ጀመር። እዚህ ነው አለ። ማንም አላመነውም፤ አንጓች ብቻ አመነችው። የጨነቀው ሰው ምን የማያምነው አለ።

ቀጥሎ የመጣው ስማቸው የሚባል የአንጓች ድንበርተኛ ነው። ሁለቱ ሰላምታ ካቋረጡ ዘመን ሆኗቸዋል። የጠባቸው ምክንያት የስማቸው ማሳ የታጠረበት ቀንጠፋ ነበር። ቀንጠፋን ታውቁት የለ? እሾሁ ወደ ኋላ የቆለመመ ነው፣ ልብስ ከያዘ ሳይቀድ አይለቅም። የአንጓችን ፍየሎች ሲያደማባት የኖረው ያ አጥር ነው። ስማቸው ማንንም ሳያማክር አጥሩን ከሥሩ ቆረጠው። በድንጋይ አክብዶ፣ በገመድ አስሮ፣ ጎሹ ባሳየው ቦታ የባሕሩን ወለል ያስስበት ጀመር። እጁ እስኪዘለዘል ጎተተ፤ በመጨረሻም ቀንጠፋው የምትኩን ጋቢ ያዘ። አጥር አልባ የቀረውን ማሳ ግን ከብትና ዝንጀሮ በዚያው ሰሞን ጨረሱት። ሚስቱ ልጆቻችን ምን ሊበሉ ነው ብላ ስትጮህበት፣

«ማሽላ ለከርሞ ይበቅላል» አላት።

ጋቢው ተያዘ እንጂ ልጁ አልወጣም። ውሃ ውስጥ የወደቀ ግንድ በቅርንጫፎቹ ይዞት ኖሯል። ገመዱ በጉልበት ቢሳብ ጋቢው ተቀዶ ምትኩ እዚያው ሊቀር ሆነ። ያን ጊዜ ደርበው ልብሱን ጥሎ ገባ። ሥሩ ጨለማ ነው፣ ቀንጠፋውም እዚያው ነው። ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ከአፍንጫውና ከጆሮው ደም ሲመጣ በቃህ አሉት፤ ማን ሰምቷቸው። በመጨረሻ ጓደኛውን አቅፎ ወጣ፤ ገላው ያልተቦጫጨረበት ቦታ አልነበረውም። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ጆሮው አይሰማም።

ምትኩ ተቀበረ። አንጓች አፈሩ ላይ ተደፍታ የልቧን አለቀሰች፤ ያን ዕለት ርቋት ከሰነበተው እንቅልፍ ትንሽ አገኘች።

አርባው ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ሦስቱን ጠርተው መሐላሽን ፈጽሚ አሏት። አልደብቃችሁም፣ አንጓች ከቤቷ ስትወጣ ልቧ ለደርበው ቆርጦ ነበር። ከምትኩ ጋር ያደገ ነው፤ ድምፁን ከደጅ ስትሰማ ልጇም አብሮ የመጣ ይመስላታል።

ጎሹ፣ ቦታውን እኔ ባላሳይ ያን ሁሉ ባሕር ስታስሱ ትኖሩ ነበር አለ። እናት ምን እንደሆነች አላውቅም፣ አሁን ልወቅ ብሎ ለመነ። ስማቸው፣ የልጆቼን ጉሮሮ ዘግቼ ነው ያወጣሁት አለ፤ የእኔና የሷ ጠብም ከእንግዲህ በእናትና በልጅነት ካልሆነ አይሞትም አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የደርበው ተራ ደረሰ። ተናገር እንጂ ሲሉት ወደ ሽማግሌዎቹ ሳይሆን ወደ አንጓች ዞረ።

«እማማ፣ እሾሁን ያልሰበርኩት እኔ ነኝ።»

አንጓች፣ ለምን አለችው።

«ዓሣው ላንቱ ነበር። እንደሱ ያለ አምባዛ ይዘን አናውቅም፤ ምንም ሳይጎድለው ይድረስልዎ ብዬ ነው። ምትኩ ስበረው ብሎኝ ነበር።»

ያን ጊዜ አንጓች የሆነችውን መሆን ለጠላትም አይስጥ። ፊቱን መቧጨር አማራት፤ ፊቱ ደግሞ ልጇን ሲያወጣ ቀንጠፋ የቧጨረው ነው። ዝም ቢል ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር፤ ልጄ ብላ እቅፍ አድርጋው በሰላም ትኖር ነበር። ለእሷ ሲል ገደለባት፤ ለእሷ ሲል አወጣላት፤ አሁን ደግሞ እንዳይዋሻት ብሎ ሁለተኛ ልጅ አሳጣት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በእጁ ያጠፋ ልጅ አይሆንም አለ። ሌላው ደግሞ ያጠፋው ካልካሰ ማን ሊክስ ነው አለ። ነገሩ በዚህ ተካረረ።

ማሩ መጣ። አንጓች አውራ ጣቷን ነከረች፤ ማሩ ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ። ሦስቱም ፊቷ ተንበርክከዋል።

«ምንጊዜም የሚመክረኝ ምትኩ ነበር» አለችና እንባዋ ቀደማት።

በሉ እንግዲህ ፍረዱ። እኔ ይህን ነገር ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፣ ሲጣሉበት አይቻለሁ፣ እስካሁን ልቤ አልቆረጠም። ቦታውን ላሳየው እናት አልባ ነው? የልጆቹን እህል ለጠላቱ ልጅ ለሰጠው ነው? ወይስ ገድሎ ላወጣው፣ አውጥቶም ላልዋሸው? እናት ናት፣ ማሩ እጇ ላይ ነው፣ ሰዉም እየጠበቃት ነው። ጣቷን ወደ ማን ትዘርጋ?