አያ ጅቦ ለሳተላይቱ ለቅሶ ተቀመጠ

አንድ ጊዜ፣ ዝሆን ኩምቢውን እንደ ወንጭፍ መጠቀም በተማረበት ዘመን፣ እንስሳትን ሁሉ ሳተላይት የማምጠቅ አባዜ ያዛቸው። አንበሳ ግሳቱ በሰባት አገር እንዲሰማለት አንድ አመጠቀ። ቀበሮ ዶሮዎች የት እንደሚያድሩ የሚያሳዩ ሦስት አመጠቀና «ለጥናት ነው» አለ። አያ ጅቦ ደግሞ ጥንብ የወደቀበትን ቦታ የሚጠቁም ትልቅ ሳተላይት አሠራ። ነገር ግን ወደ ዝሆን ተሸክሞት ሲሄድ መንገድ ላይ ራበውና ሳተላይቱ የተጠፈረበትን ጠፍር በላው። ሳተላይቱ ሰማይ እንደ ደረሰ ብሎኑ ረገፈ፣ ክንፉ ተንጠለጠለ፣ በሦስተኛው ቀን ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እየተንከባለለና ቁርጥራጩን እየበተነ ምድርን ሲዞር አምስት ዓመት ሆነው።

እመት አህያም አንዲት ትንሽ ሳተላይት ነበረቻት። እሷና ዘመዶቿ የሚግጡት ወንዝ ዳር ካለ ሜዳ ነው። ወንዙ ደግሞ ላይኛው አገር በዘነበ ቁጥር ሳያስጠነቅቅ የሚመጣ ባለጌ ወንዝ ነው። ሳተላይቷ ከመምጠቋ በፊት በነበረው ክረምት ሁለት ውርንጭሎች ወስዷል። አሁን ግን ሳተላይቷ ጎርፉን ከሩቅ ስታይ በእመት አህያ አንገት ላይ ያለው ቃጭል በራሱ ይጮኻል፤ ቃጭሉ ከጮኸም ኮረብታው ላይ ለመውጣት የሚበቃ ጊዜ አለ። የአህያ ዘር ሁሉ ነፍስ የተንጠለጠለው በዚያች ቃጭል ላይ ነበር።

አንድ ቀን ሙት ሳተላይት በመረብ እንዲያወርድ የተመደበው ጆፌ አሞራ አጠገቧ አረፈ። ክንፉ ላይ የብሎን ጠባሳ ነበረበት።

«እመት አህያ፣ ወሬው ደግ አይደለም» አላት። «የአያ ጅቦ ሳተላይት ሬሳ መንገዱን ስቶ ወደ አንቺዋ እየመጣ ነው። በዐሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ይላተማሉ።»

«ታዲያ አታወርደውም? መረብም አለህ፣ ክንፍም አለህ።»

«አለኝ። ግን እኔ አሞራ ነኝ፤ ሞተ ያልተባለ ነገር አልነካም። ሞተ ማለት የሚችለው ደግሞ ባለቤቱ ብቻ ነው። ደንቡ ነው።»

ደንቡ የሰማይ እድር ደንብ ነው። ከቆላም፣ ከደጋም፣ ከባሕር ማዶም የመጡ እንስሳት ሰማዩን ከሙት ሳተላይት ለማጽዳት ያቋቋሙት እድር ነበር። ዘጠኝ ጊዜ ተሰብስበው፣ ዘጠኝ ጊዜ «ሁኔታው በእጅጉ ያሳስበናል» ብለው ተለያይተዋል። ዐሥረኛው ስብሰባ በማግስቱ ነበር።

እመት አህያ በማግስቱ ማልዳ ደረሰች። ብትዘገይም ስብሰባው አይጀመርም ነበር፤ ሁለት ኩንታል የሚመዝነውን የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ የምትሸከመው እሷ ናትና። ያነበበችውም እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ በእረፍት ሰዓት ሲበሉና ሲጫወቱ እሷ ከጭነቱ ጋር ትቀር ነበር።

የእድሩ ዳኛ አንበሳ ዋርካው ሥር ተጎልቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሙት ሳተላይት ያለው እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም። ሙት አለኝ ያለ አባል መቃብሩን በገዛ ጥፍሩ እንደሚቆፍር ሁሉም ሰምቷል፤ ደንቡ ከተጻፈ ወዲህም ሰማይ ላይ አንድም ነገር ሞቶ አያውቅም። በዚህ መሐል አንድ ብሎን ከሰማይ መጥቶ በአንበሳና በቀበሮ መካከል መሬት ውስጥ ተቀረቀረ።

«የማን ነው?» አለ አንበሳ።

«በረዶ ይመስለኛል» አለ ቀበሮ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ።

እመት አህያ መታገሥ አቃታት። «ጌታዬ ዳኛ፣ የአያ ጅቦ ነው። ሳተላይቱ ሞቷል።»

«ማን ነው የሞተው?» ብሎ አያ ጅቦ ብድግ አለ። «ታሟል እንጂ አልሞተም! ትንሽ ብርድ ነክቶታል። ላይኛው አገር ብርድ ነው።»

«አምስት ዓመት ሙሉ ድምፁን አላሰማም እኮ።»

«ጨዋ ነዋ! እንደ እናንተ ዘር በየሜዳው አያናፋም።»

ሸንጎው ሳቀ።

«አያ ጅቦ፣ ክንፉ ተገንጥሏል። ጆፌ በዓይኑ አይቷል።»

«ቢከሳ ነው! የከሳ ሁሉ ሞተ ከተባለ ካንቺ ዘመዶች አንድም ቆሞ የሚሄድ የለ!»

ሸንጎው አሁንም ሳቀ። አንበሳ አዛጋና «እንግዲህ ሁኔታው በእጅጉ…» ብሎ ጀመረ። ለእመት አህያ የቀራት ዐሥራ አንድ ቀን ነው። ብልጠት የአህያ ሙያ አይደለም፤ ያላት ያነበበችው ብቻ ነው። ስለዚህ እሱኑ ይዛ ተነሣች።

«ጌታዬ ዳኛ፣ አንድ አንቀጽ ላንብብልዎ?»

«አጭር ይሁን።»

«አንቀጽ መቶ አርባ። ሳተላይት የሞተበት አባል መቃብሩን ቆፍሮ ከቀበረ በኋላ ድንኳን ይተከልለታል። ሰባት ቀን ለቅሶ ይቀመጣል። ሐዘን የሌለበት አባል ሁሉ ጧትና ማታ ምግብ ያመጣለታል።»

የአያ ጅቦ ጆሮ ቀጥ አለ። «ጧትና… ማታ?»

«ጧትና ማታ።»

«አባል ሁሉ?»

«ሐዘን የሌለበት ሁሉ።»

አያ ጅቦ ደረቱን እየደቃ መሬት ላይ ተዘረረ። «ወየው ልጄን! ወየው ጎበዙን! የጠፍርህ ጣዕም እስከ ዛሬ ከአፌ ሳይጠፋ!»

«አሁን ታሟል አላልክም?» አለ አንበሳ።

«አሁን አረፈ» አለ ጅብ፣ እንባውን እየላሰ።

ዝሆን ኩምቢውን አንሥቶ የእድሩን ጥሩምባ ነፋ። ድምፁ ሳያልቅ ጆፌ መረቡን ይዞ ተነሥቷል። በሦስተኛው ቀን የአያ ጅቦ ሳተላይት በመረብ ተጠቅልሎ ወረደ። አያ ጅቦ ጥፍሩን እንዳያደክም አሸዋው የለሰለሰበትን የወንዝ ዳር መርጦ ቆፈረ፤ ድንኳኑም እዚያው ተተከለ።

በአገሩ ወግ ሐዘንተኛ ምግብ ሲቀርብለት ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል፣ ለቀስተኛውም ሦስት ጊዜ ይለምነዋል። አያ ጅቦ ሦስቱንም እምቢታ አፉ እንደሞላ አለ። ለቀስተኞቹ ይህን እያዩ፣ የራሳቸውን ምሳ ለእሱ እያቀረቡ፣ አሰቡ።

መጀመሪያ የጮኸው ቀበሮ ነው። «ሦስቱም ልጆቼ! ባንድ ቀን!» አንበሳ ተከተለው። በማግስቱ ዝሆን አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ሞት ለፍፎ ኩምቢው አበጠ። አንዳንዱ ጨርሶ ላላመጠቀው ሳተላይት ሁሉ ደረት መታ። አሞሮች ላይ ታች ሲሉ ሰነበቱ፤ ዘጠኝ ስብሰባ ያላጸዳው ሰማይ በአራት ቀን ጸዳ። ወንዝ ዳሩም በመቃብርና በድንኳን ተሞላ፤ በየድንኳኑም አንድ አንድ ሐዘንተኛ ወደ በሩ እያየ ምግብ ይጠብቅ ጀመር።

የሚያመጣ ግን አልነበረም። ሐዘን የሌለባት አባል አንዲት ብቻ ቀርታለች።

ቀበሮ ከድንኳኑ አንገቱን አውጥቶ ጠራት። «እመት አህያ፣ አንቺስ ለምን ትደክሚያለሽ? ያንቺዋም ሞታለች በዪና ተቀመጪ።»

«ደህና ናት።»

«ደህና መሆኗ ምን ይፈይድልሻል?»

«ጎርፍ ሲመጣ ትነግረኛለች።»

«ወሬ ሆድ አይሞላም፣ እቴ!»

እመት አህያ ግን ደንብ ደንብ ነውና ስንዴና ባቄላ ቀቅላ፣ ንፍሮውን ደንቡን በተሸከመችበት ጀርባ ጭና ከድንኳን ድንኳን ዞረች። በአምስተኛው ቀን አያ ጅቦ ድንኳን ደርሳ ከደጅ ቆመች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ንፍሮ ነው፣ አያ ጅቦ። እግዜር ያጽናህ።»

«ከትናንት ወዲያ አጥንት ነበር!»

«አጥንቱን ያመጣ የነበረው ሐዘን ላይ ነው።»

አያ ጅቦ ንፍሮውን አየ፤ እሷንም አየ። ለረጅም ጊዜ እሷን አየ። «ንፍሮውን እዚያ አስቀምጪና አንቺ ግቢ። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም።»

«እዚሁ ሆኜ አጽናናሃለሁ።»

«የሩቅ ማጽናናት አይሞቅም። ቀረብ በይ እንጂ፣ እመት አህያ፤ እንዴት ወፍረሻል!»

ይህን ሲል አንገቷ ላይ ያለው ቃጭል አንቃጨለ። እመት አህያ ንፍሮውን ጥላ በረረች። ዘመዶቿን ከሜዳው አስነሣች፣ በየድንኳኑም «ጎርፍ! ጎርፍ!» እያለች አናፋች። አንበሳ ሐዘኑን ትቶ ሮጠ። ቀበሮ ሦስቱንም ሐዘኖቹን ትቶ ሮጠ። አንዲት ውርንጭላ እንኳ ሳትቀር ሁሉም ኮረብታው ላይ ወጡ።

አያ ጅቦ ብቻ ቀረ። «ሰባት ቀኔ አልሞላም!» ብሎ ጮኸ። «ድርሻዬን ልትቀሙኝ ነው! አውቄባችኋለሁ!» ባዶ ድንኳኖቹንም ሲያይ ደስ አለውና እየዞረ የሁሉንም ንፍሮ ይበላ ጀመር። ዐሥረኛው ገበታ ላይ እንዳለ ወንዙ መጣ፤ ድንኳኑንም፣ ገበታውንም፣ ሐዘንተኛውንም ባንድ ላይ አንሥቶ ሄደ።

ከሦስት ቀን በኋላ ማንም በማያውቀው አገር ዳር ላይ ተፋው። የአገሩ እንስሳት ምን እንደ መጣ ለማየት ተሰበሰቡ። አያ ጅቦ ተነሣ፣ ውኃውን አራገፈ፣ ፊቱን አከፋ። «ሐዘንተኛ ነኝ፤ ገና ሁለት ቀን ይቀረኛል፣ ውኃ ላይ የዋልኩት አይቆጠርም» አለ። «በሉ፣ ቁርበት አንጥፉልኝ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የጋራ ደጅን ለማስጠረግ የአቆሻሹን ኅሊና ከመጠበቅ ሆዱን መጥራት እንደሚፈጥን፣ ነገር ግን በሆዱ የተጠራ ጎርፍ መጣ ብለው ሲጠሩት እንደማይሰማ ነው።